ማታ የተመለሰው ሕመም፦ የአከርካሪ መገጣጠሚያ መርፌና ነርቭ ማቃጠል እንዴት ይሠራሉ?

የወገብ መርፌ ከተሰጠ በማግስቱ በስልክ የሚደረግ ወሬ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው።

«እንዴት አደሩ አባቴ?»

«ኧረ ምኑን አደርኩት ልጄ! ወጋችሁኝ፣ ማታውን ተመልሶ ያው ሆነ። ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ቀረ።»

«ከሰዓቱስ እንዴት ነበሩ?»

«ከሰዓቱማ ደህና ነበርኩ። ጎንበስ ቀና አልኩ፣ ደረጃውን ያለ ደጋፊ ወረድኩ። ማታ ነው እንጂ።»

ለታካሚው ይህ የከሸፈ ሕክምና ነው። ለሐኪሙ ግን ሲፈልገው የነበረ መልስ ነው፤ መርፌው የተወጋው ለማዳን ሳይሆን ለመጠየቅ ነበርና። ይህ ሳይነገራቸው ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተነሥተው ባሕር ዳር ድረስ የመጡ፣ ወይም ከደጀን የአባይን በረሃ ተሻግረው አዲስ አበባ የገቡ ሰዎች «መርፌው አልያዘልኝም» ብለው ሕክምናውን እዚያው ላይ ይተዉታል። ዋናው ሥራ ገና ሳይጀመር ማለት ነው።

የትኛው መገጣጠሚያ ነው?

አከርካሪ በአንገት 7፣ በደረት 12፣ በወገብ 5 አጥንቶች አሉት። ከላይና ከታች ያሉ ሁለት አጥንቶች ሦስት ቦታ ይገናኛሉ። ከፊት ሁሉም ሰው ስሙን የሚያውቀው ዲስክ አለ። ከኋላ ደግሞ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ እያንዳንዳቸው የአውራ ጣት ጥፍር ቢያህሉ ነው፣ ሁለት ትናንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ። ልክ እንደ ጉልበት ልስልስ አጥንት፣ ከረጢትና ማለስለሻ ፈሳሽ አላቸው። የወገቡ መገጣጠሚያ በውስጡ የሚይዘው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ይህች ቁጥር ወደ በኋላ ታስፈልገናለች። ሥራቸው አጥንቱ ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ከልክ በላይ እንዳይጠመዘዝ መያዝ ነው። ዲስኩ በዕድሜ እየደረቀ ሲሳሳ ጭነቱ ወደ ኋላ ወደ እነሱ ያዘነብላል፤ እንደ ጉልበትም ያረጃሉ።

እኛ ዘንድ ወገቡን የታመመ ሰው ሁሉ «ዲስኬ ተንሸራተተ» ይላል። ነገር ግን በማደንዘዣ መርፌ እየተፈተሸ በተደረጉ ጥናቶች፣ ሥር ከሰደደ የወገብ ሕመም ውስጥ ከ15 እስከ 45 በመቶ የሚሆነው መነሻው እነዚህ የኋላ መገጣጠሚያዎች ሆነው ተገኝተዋል። የቁጥሩ ስፋት ከአፈታተሹ ጥብቅነትና ከታካሚዎቹ ዕድሜ የመጣ ነው፤ በሽማግሌዎች ላይ ድርሻው ከፍ ይላል።

ምልክቱ ምን ይመስላል? ጤፍ ሲያጭድ የዋለ ሰው እንዳጎነበሰ ሳይሆን ቀና ሲል እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ የሚያቃስት ከሆነ፣ ከላይ ዕቃ ለማውረድ ወደ ኋላ ለጠጥ ሲል የሚወጋው ከሆነ፣ በሆዱ ተኝቶ ሲያድር የሚብስበት ከሆነ፣ ሕመሙም ከወገቡ ግራ ወይም ቀኝ ጀምሮ ወደ መቀመጫና ወደ ጭን ወርዶ ከጉልበት በላይ የሚቆም ከሆነ የኋላውን መገጣጠሚያ መጠርጠር ያስኬዳል። በተቃራኒው ሲያጎነብስና ሲያስል እንደ ኤሌክትሪክ ከጉልበት አልፎ እስከ እግር ጣት የሚፈስ ሕመም የነርቭ ሥር ጉዳይ ነው። ለእሱ የሚሰጠው መርፌም ሌላ ነው፤ እዚህ አንገባበትም። ቅዳሴ ቆመው እግራቸው የሚዝልና የሚከብድ፣ መቋሚያው ላይ ወደ ፊት ደገፍ ሲሉ የሚቀላቸው አረጋውያንም ሦስተኛ ጉዳይ ሊኖርባቸው ይችላል፤ የሕብለ ሰረሰሩ መተላለፊያ መጥበብ።

እዚህ ላይ ግን ሐቁን መናገር ያስፈልጋል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ራጅና ኤምአርአይም አይሆኑም። ምንም ሕመም የሌለበት የ60 ዓመት ሰውም ኤምአርአይ ቢነሣ ያረጀ መገጣጠሚያ ሊገኝበት ይችላል። ፊልሙ ላይ ያንን ማየት ራስ ላይ ሽበት እንደማየት ነው፤ ሽበቱ መኖሩ ራስ ምታቱን አመጣው አያሰኝም። ስለዚህ «የታመመው ይህ ነው» ለማለት የቀረው ዘዴ አንድ ነው፤ ለዚያ መገጣጠሚያ ስሜት የሚወስደውን ነርቭ ለጥቂት ሰዓት አደንዝዞ ሕመሙ ይጠፋ እንደሆነ ማየት።

ከመርፌ በፊት መታለፍ የሌለበት በር

ማንም ሰው ወገቡ ላይ ከመወጋቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ማታ ማታ ያልብዎታል? ትኩሳት አለ? ሳይፈልጉ ከስተዋል? ጥሬ ወተት ይጠጣሉ? ቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ነበር? የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ እኛ አገር የሩቅ ወሬ አይደለም። ከከብት የሚመጣው ብሩሴላም እንዲሁ ወገብን ሲያሳምም ለወራት «ድካም ነው» እየተባለ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ባለ ሰው ጀርባ ውስጥ ስቴሮይድ (ቁጣና እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት) መጨመር የሰውነቱን መከላከያ ይዞ እሳቱን እንዲያስፋፋ መርዳት ነው። በፊት ካንሰር የነበረበት፣ ከዛፍ ወይም ከበቅሎ የወደቀ፣ ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ የወሰደ ሰውም መጀመሪያ በምርመራ ይለይ።

ሽንት አልወርድ ያለው ወይም ያመለጠው፣ በመቀመጫውና በብልቱ ዙሪያ የደነዘዘ፣ እግሩ እየሰነፈ የሄደ ሰው ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅ፤ ያኑ ቀን ሆስፒታል ይሂድ።

ከዚህ ውጭ ያለው ሰው ቢያንስ 3 ወር ያህል በእንቅስቃሴ፣ በፊዚዮቴራፒና በሚዋጥ መድኃኒት ሞክሮ ያልተሻለው መሆን አለበት። ቂጥ ላይ የሚወጋውን «ዲክሎ» በየሳምንቱ መመላለስ ግን በሙከራ አይቆጠርም። ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል እንጂ መገጣጠሚያውን አያክምም፤ ከዚህ በታች ከምንናገርለት መርፌ ጋርም ከስሙ በቀር የሚያገናኘው የለም።

ሁለት መስመር ያለው መብራት

ከእያንዳንዱ አከርካሪ አጥንት ደረጃ በግራና በቀኝ ቀጭን የነርቭ ቅርንጫፍ ይወጣል። ይህች ቅርንጫፍ እጅና እግር አታንቀሳቅስም። የምታደርገው ሁለት ነገር ነው፤ ከመገጣጠሚያው ስሜት ትወስዳለች፣ ከአከርካሪው ጋር ተጣብቆ ያለውን ጥልቅ የጀርባ ጡንቻ ታዝዛለች። የወገቧ ቅርንጫፍ የምታልፍበት መንገድ የታወቀ ነው። ከአጥንቱ ጎን የሚወጣው ክንፍ ከመገጣጠሚያው ምሰሶ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ አጥንቱን ተጣብቃ ትሄዳለች። ሐኪሙ ነርቧን በራጅ አያያትም፤ ማዕዘኑን ግን ያየዋል። ሕክምናው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

አስቸጋሪው ነገር እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ከሁለት ደረጃ ነርቭ መቀበሉ ነው። በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው መገጣጠሚያ የሚሰማው በ3ኛውና በ4ኛው ነርቭ ነው። ሁለት መስመር የገባለት ቤት አንዱ ቢቆረጥ መብራቱ አይጠፋም፤ ሁለቱም መቋረጥ አለባቸው። ብዙ ጊዜ የሚታመሙት ደግሞ የታችኞቹ ሁለት መገጣጠሚያዎች ናቸው፤ እነሱን በአንድ ወገን ለመፈተሽ 3 ነርቮች ይደነዝዛሉ፣ በግራም በቀኝም ከሆነ 6። «አንድ መርፌ ብለውኝ ስድስት ቦታ ወጉኝ» የሚለው ቅሬታ መነሻው ይህ ነው። ስድስቱ ትክክል ነበሩ፤ ቀድሞ አለመነገሩ ነው ስሕተቱ።

የሚጠይቀው መርፌ

ታካሚው በሆዱ ይተኛል፤ ወገቡ እንዳይለጠጥ ሆዱ ሥር ትራስ ይገባል። ጀርባው በአዮዲን ወይም በክሎርሄክሲዲን ይታጠብና በንጹሕ ጨርቅ ይከበባል። ሲ-አርም የሚባለው ቀጥታ የሚያሳይ ራጅ ከላዩ ይዞራል። ሐኪሙ ራጁን ወደ ጎን አዘንብሎ ያንን ማዕዘን ይፈልጋል፤ ከዚያ በቁጥር 22 ወይም 25 ቀጭን መርፌ አጥንቱን እስኪነካ ይገባል። በራጅ የሚታይ ቀለም ጠብታ ይጨመራል፤ ቀለሙ ወዲያው ታጥቦ ከሄደ መርፌው ደም ሥር ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ይስተካከላል። ቀለሙ ማዕዘኑ ላይ ከረጋ ማደንዘዣው ይገባል፤ 2 በመቶ ሊዶኬይን ወይም 0.5 በመቶ ቡፒቫኬይን፣ በአንድ ነርቭ ቢበዛ 0.5 ሚሊ ሊትር። አንገት ላይ 0.3 ይበቃል።

ይህች ግማሽ ሚሊ ሊትር ከአሥር ጠብታ አትበልጥም። «ይህችን ብቻ? ጨምሩበት እንጂ» የሚል ታካሚ አይጠፋም። ቢጨመር ግን መልሱ ይበላሻል። 2 ሚሊ ሊትር ቢገባ ወደ ጡንቻው፣ ወደ ነርቭ ሥሩም ይፈስሳል፤ ሕመሙ ቢጠፋ የትኛው እንደጠፋ አይታወቅም። ጥያቄው «አንተ ነህ ወይ?» የሚል ነው፤ ለአንድ ሰው የሚቀርብ እንጂ በአደባባይ የሚጮኽ አይደለም።

መልሱን የሚያበላሹ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ሰመመን ሰጥቶ ማስተኛት አንዱ ነው፤ ከሰመመን የነቃ ሰው ለሁለት ሦስት ሰዓት ምንም አያመውም፣ ያ ግን የነርቧ መልስ አይደለም። ጠዋት የሕመም ማስታገሻ ውጦ መምጣት ሌላው ነው። ያን ቀን በአጋጣሚ ሕመሙ ቀሎ ከሆነም ማደንዘዣው የሚያነሣው ነገር አያገኝም፤ ቀጠሮ ማሸጋገር ይሻላል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ተወግቶ አልጋ ላይ መዋል ነው። ተኝቶ የዋለ ወገብ ሳይደነዝዝም አያምም!

ስለዚህ የዚያን ቀን ሥራ የታካሚው ነው። ከመርፌው በፊት የሚያሳምመው እንቅስቃሴ ይመረጣል፤ ወደ ኋላ መለጠጥ፣ ከዱካ መነሣት፣ ግማሽ የሞላ ጀሪካን ማንሣት። ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ይሰጠዋል፤ 0 ምንም፣ 10 ከዚህ የባሰ የለም የሚባለው። ከመርፌው በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ ያንኑ እንቅስቃሴ አድርጎ ቁጥሩን መጻፍ ነው። መጻፍ የማይችል ሰው ከሆነ ልጁ ወይም አብሮት የመጣው ይጻፍለት።

ለምሳሌ በቡፒቫኬይን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የተወጋ የ55 ዓመት ገበሬ ወረቀት እንዲህ ሊነበብ ይችላል። 3፡45 ላይ 7፤ 4፡30 ላይ 2፤ 5 ሰዓት ላይ 1፤ እስከ 8 ሰዓት ድረስ 1፤ 8፡30 ላይ 3፤ 10 ሰዓት ላይ 6፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ 7። ይህ ወረቀት እንዲያው የሚያምር መልስ ነው። ሕመሙ ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል፣ የቆየውም ማደንዘዣው የሚቆየውን ያህል ነው፣ መድኃኒቱ ሲለቅ ሕመሙም ተመልሷል። ሊዶኬይን ቢሆን ኖሮ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ መመለስ ይጀምር ነበር። በተቃራኒው ቁጥሩ ቀኑን ሙሉ 6 እና 7 ከሆነ እነዚያ መገጣጠሚያዎች ከጥርጣሬ ይወጣሉ፤ ሐኪሙ ሌላ ቦታ ይፈልግ። ያም ቢሆን ከንቱ አይደለም፤ የማያስፈልግ ቃጠሎ ቀርቷል።

አንድ ጊዜ ተወግቶ «ጠፋልኝ» ማለት ግን ሁልጊዜ እውነት ሆኖ አይገኝም። ወገብ ላይ አንድ መርፌ ብቻ ሲደረግ ከ100 ሰው ከ25 እስከ 40 የሚሆነው በሁለተኛው ሲደገም መልሱ ይለወጣል። በተስፋ ብቻ የሚቀልለት ሰው አለ፤ ይህ ማታለል አይደለም፣ የሰው አንጎል ጠባይ ነው። ለዚህ ሲባል አንዳንድ ሐኪሞች በሌላ ቀን፣ በሌላ ማደንዘዣ ደግመው ይወጋሉ፤ አንዴ ሊዶኬይን አንዴ ቡፒቫኬይን። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የባለሙያዎች ስምምነት ግን ለወገብ አንድ መርፌና የ50 በመቶ መቅለል ይበቃል ይላል፤ ሁለተኛው መርፌ ሐሰተኛውን ሲያጣራ ሊጠቀም የሚችለውንም ሰው አብሮ ያስቀራልና። ክርክሩ አላለቀም። ወረቀቱ ጥርት ያለ፣ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ መርፌ ይዞ መሄድ ያስኬዳል፤ 50ና 60 ላይ የሚዋልል ከሆነ ግን ለድካሙ ሳይሰስቱ መድገም ይሻላል ባይ ነን።

የሚያቃጥለው መርፌ

መልሱ «አዎ» ከሆነ ቀጣዩ ነርቧን በሙቀት ማቋረጥ ነው። «ነርቭ ይቃጠላል» ሲባል ሰው ይደነግጣል፣ ተገቢም ነው። ሽማግሌዎች ደግሞ «ድሮ ወገብ በጋለ ብረት ይተኮስ ነበር፤ ይህ ከዚያ በምን ይለያል?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ተኩሱ የሚያቃጥለው ቆዳ ነው፤ ነርቧ ያለችው ከቆዳ በታች እንደ ሰውየው ውፍረት 5፣ 6 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ጥልቀት ላይ ነው። ተኩሱ ጠባሳ ይተዋል፣ ነርቧ ጋ አይደርስም። ይህኛው ቆዳውን ሳይነካ እዚያው ጥልቀት ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ያበስላል።

መሣሪያው መጠነኛ ሣጥን ነው፤ በሰከንድ 500 ሺህ ጊዜ ያህል የሚዋዥቅ የኤሌክትሪክ ጅረት ያመነጫል። ከሱ የሚወጣው ሽቦ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው መርፌ ውስጥ ይገባል። መርፌው ሙሉ በሙሉ በመከለያ የተሸፈነ ሲሆን የተገለጠው ጫፉ ብቻ ነው፤ 5 ወይም 10 ሚሊ ሜትር። ጅረቱ የሚመለስበት ሰፊ ፕላስተር ጭን ላይ ይለጠፋል። ፕላስተሩ በደንብ ካልተጣበቀ ወይም ጸጉራምና ላብ ያለበት ቆዳ ላይ ከተለጠፈ ጅረቱ በጠባብ ቦታ ይጠራቀምና ጭኑን ያቃጥላል። ትንሽ የምትመስል፣ ግን ከሕክምናው ይልቅ ስትታወስ የምትኖር ስሕተት ናት። ልቡ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ያለው ሰው ይህንን ቀድሞ መናገር አለበት።

አሁን ዋናው የእጅ ሥራ። ማደንዘዣ ሲሰጥ መርፌው አጥንቱን በጫፉ ቢነካ በቂ ነው፤ ፈሳሹ ይደርሳል። ሙቀት ግን አይፈስስም። የሚበስለው ሥጋ ከጫፉ ፊት ለፊት ሳይሆን በተገለጠው ብረት ጎን ዙሪያ፣ በእንቁላል ቅርጽ ነው። ስለዚህ መርፌው ነርቧን እንደ ጦር ሳይወጋ ከጎኗ ትይዩ መተኛት አለበት፤ ወደዚያ ለመድረስም ከታች ወደ ላይ፣ ከጎን ወደ መሐል አዘንብሎ ይገባል። ቀጥ ብሎ የገባ መርፌ ነርቧን በነጥብ ይነካታል ወይም ይስታታል፤ ታካሚው ለሁለት ወር ተሽሎት ይመለሳል፣ ወይም ጨርሶ አይሻለውም። «ማቃጠሉ አልሠራልኝም» ከሚሉት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ላይ ያልሠራው ማዕዘኑ ነው።

ከማቃጠሉ በፊት ሁለት ፈተና ይደረጋል። በ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚዋዥቅ) ደካማ ጅረት ሲላክ፣ 0.5 ቮልት ሳይሞላ፣ ታካሚው የለመደው ቦታ ላይ ግፊት ወይም ንዝረት ሊሰማው ይገባል። ከዚያ በ2 ኸርዝ ከፍ ያለ ጅረት ይላካል፤ የጀርባው ጡንቻ ቢንቀጠቀጥ መልካም፣ እግሩ ከተወራጨ ግን መርፌው ወደ ፊት ወደ ነርቭ ሥሩ ተጠግቷልና ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ታካሚው ነቅቶ መናገር አለበት። «እግሬን ነዘረኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ እግሩን የሚያድነው እሱ ነው።

ከዚያ በመርፌው ውስጥ 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር ሊዶኬይን ገብቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠበቃል። ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ይወጣል፤ ለ60 ወይም ለ90 ሰከንድ ይቆያል። ሥጋ ከ45 ዲግሪ በላይ መበላሸት ስለሚጀምር 80 ዲግሪ በቂ ነው፤ ብዙ ማጋል አየርና ከሰል ይፈጥራል እንጂ ቁስሉን አያሰፋውም። አንዳንዱ መርፌውን ትንሽ አዙሮ ይደግማል። ሦስት ነርቭ በአንድ ወገን ሲሠራ ከዝግጅቱ ጋር ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በ42 ዲግሪ እየቆራረጠ የሚሠራ «ፐልስድ» የሚባል ዓይነትም አለ፤ እሱ ነርቭ አያቋርጥም፣ ለዚህ ሕመምም የተመረጠ አይደለም። ሲከፍሉ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

ነርቧ ትሞታለች ማለት አይደለም። ተቆርጣ ቀስ በቀስ ትበቅላለች፤ ለዚህ ነው እፎይታው በአብዛኛው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት የሚቆየው። ሲመለስ መድገም ይቻላል፤ በዓመት ከ2 ጊዜ በላይ ግን አይመከርም።

በነገራችን ላይ ነርቧ የት እንዳለች ሳይታወቅ የተሠራበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ሪስ የተባለ ሐኪም ረጅም ስለት በቆዳ አስገብቶ እነዚህን ነርቮች እቆርጣለሁ አለ፤ 99.8 በመቶ ተሳካልኝ ብሎም ጻፈ። በኋላ የአናቶሚ ሰዎች ሲለኩት ስለቱ ነርቧ ጋ የሚደርስ አልነበረም። መቶ በመቶ የሚጠጋ ተስፋ የሚሰጥ የወገብ ሕክምና በመጣ ቁጥር ይህንን ማስታወስ ነው።

ምን ያህል ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ2000 በድግግሞሽ መርፌ በጥብቅ ተመርጠው በትክክለኛ ማዕዘን ከተሠራላቸው 15 ሰዎች ውስጥ 60 በመቶው ከዓመት በኋላ ሕመማቸው 90 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ምርጫው ግን ንጹሕ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኔዘርላንድስ የወጣ ሰፊ ጥናት ደግሞ ማቃጠሉን ከእንቅስቃሴ ሕክምና ጋር ደርቦ፣ እንቅስቃሴ ብቻ ከሠሩት ጋር አነጻጸረ፤ የሚያረካ ልዩነት አላገኘም። ተቺዎቹ ምርጫው በአንድ መርፌ መሆኑንና የመርፌውን አቀማመጥ አነሡበት። ከሁለቱ የምንወስደው፣ ማቃጠሉ ለተመረጠ ሰው የሚሠራ፣ ላልተመረጠ ሰው ከእንቅስቃሴ የማይሻል መሆኑን ነው።

መገጣጠሚያው ውስጥ ስለሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ግን ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ከረጢቱ የሚይዘው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ነው ብለናል፤ ከዚያ በላይ የጨመረ ከረጢቱን ይቀድደዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የካናዳ ጥናት ስቴሮይዱን ከጨው ውሃ ጋር ሲያነጻጽር በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። መገጣጠሚያው አብጦ የተቆጣ ሰው ለሳምንታት ሊቀልለው ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ ግን ለበርካታ ቀናት ስኳሩ ይወጣል፤ በየዕለቱ መለካት አለበት። ሲ-አርምም ሌላ ማሳያም ሳይኖር በእጅ ዳሰሳ ብቻ «መገጣጠሚያው ውስጥ እወጋዎታለሁ» የሚል ካለ፣ የሚወጋው ጡንቻ ነው።

ከቀበቶ በታች፣ በአንድ በኩል መቀመጫው አናት ላይ ብቻ የሚያም ሕመም ደግሞ አከርካሪን ከዳሌ ጋር የሚያገናኘው ትልቁ መገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል። እሱም በራጅ እየታየ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ይሰጠዋል፤ ነርቮቹ ግን የተበታተኑ ስለሆኑ ማቃጠሉ ከወገቡ ይከብዳል። አንገት ላይ ሥራው ያው ነው፤ ሕብለ ሰረሰርና ትልልቅ የደም ሥሮች በሚሊ ሜትር ርቀት ስላሉ ብዙ ልምድ ይጠይቃል። የላይኛው የአንገት ነርቭ ሲቃጠል ለጥቂት ቀን መንገዳገድ የተለመደ ነው።

ከቤት ሲወጡና ሲመለሱ

ለልብ ቫልቭ ወይም ለደም መርጋት ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ በራስዎ አያቁሙ። ለወገብ መርፌ ብሎ ዋርፋሪን አቁሞ አንጎሉ ላይ ደም የረጋበት ሰው ከወገቡ የባሰ ችግር ላይ ይወድቃል። መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪምና መርፌ የሚሰጠው ይነጋገሩ። እርጉዝ ከሆኑ ራጁ ስላለ ይናገሩ። ጀርባዎ ላይ እብጠት ወይም ቁስል ካለ እስኪድን ይቆይ።

በቆዳ ማደንዘዣ ብቻ የሚሠራ ከሆነ መጾም አያስፈልግም። እንዲያውም በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው የሚመጡ ሰዎች ጠረጴዛው ላይ ላብ በላብ ሆነው ሲዝሉ ይታያል። የስኳር ሕመምተኛ በባዶ ሆዱ አይምጣ። የሚያስተኛ መድኃኒት የሚሰጥ ከሆነ ግን ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከውሃ 2 ሰዓት መራቅ ግድ ነው።

ማደንዘዣው ወደ ነርቭ ሥሩ ከፈሰሰ አንድ እግር ለሰዓታት ሊሰንፍ ይችላል፤ አስደንጋጭ ቢሆንም ይለቃል። ስለዚህ ብቻዎን አይምጡ፤ የባጃጅ ሹፌርም ቢሆኑ ያን ቀን አይንዱ። የማቃጠሉ ዕለት ከተቻለ ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት ይደሩ፤ ትኩስ ወገብ ይዞ በኮረኮንች መንገድ አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ መንገጫገጭ ጥሩ አይደለም።

የመርፌው ቀዳዳ እስኪደፈን 2 ወይም 3 ቀን ጠበል ውስጥ አይነከሩ፣ ወንዝም አይግቡ። ጠበል መጠጣቱ አይከለከልም። ቅቤና ቅባት አያሹበት፣ ለወጌሻም አይስጡት። የጋለ ድንጋይ ወይም የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ጀርባ ላይ አያድርጉ፤ ቆዳው ደንዝዞ ከሆነ ሲቃጠል አይሰማዎትም።

ከማቃጠል በኋላ እስከ 2 ሳምንት ወገብ እንደ ተደበደበ ሊያም ይችላል። ጥቂቶች ቆዳቸው ላይ ፀሐይ የለበለበው ዓይነት ስሜት ይመጣባቸዋል፤ በሳምንታት ይቀንሳል፣ ካስቸገረ መድኃኒት አለው። እፎይታው ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ከአንድ ወር በፊት አይፍረዱ። ትኩሳት፣ መግል፣ እየጨመረ የሚሄድ የእግር መስነፍ ወይም የሽንት መያዝ ካለ ግን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ወዲያው።

ሕመሙ ሲቀል ወገቡን ማሠራት ይጀመር። ያቺ ነርቭ ጥልቁን የጀርባ ጡንቻም ታዝ ነበርና ሌሎቹ ጡንቻዎች መጠንከር አለባቸው፤ በየቀኑ መራመድ፣ ጀርባ ላይ ተኝቶ መቀመጫን ማንሣት፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየውን መደጋገም። እርሻና አጨዳ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በግማሽ ቀን ይጀመር።

ከመውጣትዎ በፊት አንድ ወረቀት ይጠይቁ፤ የትኞቹ ነርቮች፣ በየትኛው ወገን፣ በምን ዓይነት መርፌ፣ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰከንድ እንደተሠራ የተጻፈበት። ከሕመም ቁጥሩ ወረቀት ጋር አብረው ያስቀምጡት። ነርቧ በቅላ ሕመሙ ከተመለሰ፣ ምናልባትም ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሐኪም ጋ ሲቀርቡ፣ ሁሉን ነገር ከሀ ከመጀመር የሚያድንዎት እሱ ነው።